ለሁሉም አንድ ከነበረው ምክር ወደ የማሳው ምክር
የሰብል አያያዝ ምክር በወልዲያ፣ በመርሳና በሀብሩ የመጣበት መንገድ

ከወልዲያ ተነስቶ በአስፋልቱ ወደ ደሴ ለሚጓዝ ሰው መጀመሪያ ሲሪንቃ፣ ቀጥሎም የሀብሩ ወረዳ ርዕሰ ከተማ መርሳ ይገኛሉ። መንገዱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም በግራና በቀኝ የሚታየው መሬት አንድ ዓይነት አይደለም። በስተምዕራብ ያለው ተራራማ በመሆኑ ማሳው ዳገት ላይ የተንጠለጠለ፣ አፈሩ የሳሳና ድንጋይ የበዛበት ነው። ከዳገቱ ግርጌ ውኃ የሚቋጥር ዋልካ መሬት ይገኛል። ወደ ጊራና ሲወረድ ደግሞ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ዝናቡ ያጥራል፤ ወንዝ ጠልፎ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ማንጎና ብርቱካን የሚያለማ አርሶ አደር ይበዛል።

የእነዚህ የተለያዩ መሬቶች ባለቤቶች ግን ለረጅም ዘመን የሰሙት ምክር አንድ ነበር። ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ግራም ዳፕ፣ 100 ኪሎ ግራም ዩሪያ የሚል ነው። በጥማድ ሲታሰብ 25 ኪሎ ከ25 ኪሎ ማለት ነው። ዳገት ላይ ላለውም፣ ዋልካ ላይ ላለውም፣ ዝናብ ለሚያጥረውም እኩል ይነገር ነበር። ዛሬ አርሶ አደሩ በእጅ ስልኩ ደውሎ ስለ ራሱ ሰብል ምክር መስማት የሚችልበት ጊዜ ላይ ተደርሷል። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ይመለከታል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

የጥቅሉ ዘመን

በአገራችን ዘመናዊ የግብርና ኤክስቴንሽን አገልግሎት በሰፊው የሚታወቀው በ1960 ዓ.ም. በአርሲ ከተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ወዲህ ነው። ያ ሥራ በአንድ አውራጃ ላይ ብዙ ገንዘብና ብዙ ባለሙያ ያፈሰሰ በመሆኑ ወደ ሌላው አገር እንዳለ ሊዛመት አልቻለም። በመሆኑም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድር ብቻ የያዘ አነስተኛ የጥቅል ፕሮግራም ተቀረጸ። ጥቅሉ ርካሽ ሊሆን የቻለው ለሁሉም አንድ ስለሆነ ነው። አንድ ባለሙያ መቶ መሬት እየዞረ መቶ ምክር ከሚሰጥ ለመቶው ሰው አንድ ምክር ቢሰጥ ይቀላል።

ሁለተኛው ትልቅ እንቅስቃሴ የመጣው በ1985 ዓ.ም. በኖርማን ቦርሎግና በቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ስም የሚታወቀው ሳሳካዋ ግሎባል 2000 ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ነው። በግማሽ ሄክታር ሠርቶ ማሳያ ላይ የተገኘው ውጤት መንግሥትን ስላረካ በ1987 ዓ.ም. የተሳትፎ ሠርቶ ማሳያና ሥልጠና የኤክስቴንሽን ሥርዓት ተብሎ በአገር አቀፍ ደረጃ ተዘረጋ። በአማራ ክልል ማዳበሪያውን ከሚያከፋፍሉት አንዱ አምባሰል የንግድ ሥራዎች ድርጅት ነበር። በኋላ ግን በአዋጅ ቁጥር 147/1991 መሠረት የተደራጁት የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች ሥራውን እየተረከቡ መጡ።

ጥቅሉ ዝናብ በማይጠፋባቸው የበቆሎና የስንዴ አካባቢዎች ምርትን በእርግጥ ጨምሯል። ይህንን መካድ አይገባም። ሆኖም ከሀብሩ ቆላ እስከ ራያ ቆቦ ባለው የማሽላ አገር ነገሩ ሌላ ነው። ዝናብ ባጠረበት ዓመት ማዳበሪያው ከደረቀው ሰብል ጋር ይቀራል፤ ዕዳው ግን አይደርቅም። በሬውን ወይም ላሟን ሸጦ የማዳበሪያ ዕዳ የከፈለ አርሶ አደር በሚቀጥለው ዓመት ማዳበሪያ አልወስድም ቢል «ለቴክኖሎጂ ጀርባውን የሰጠ» ተብሎ በሪፖርት ላይ መመዝገቡ የተለመደ ነበር። ነገሩ ሲመረመር ግን አርሶ አደሩ የራሱን መሬትና የራሱን ዝናብ ያውቃል፤ ምክሩ ደግሞ ያንን አያውቅም። ያልተግባቡት በዚህ ነው።

በ1994 ዓ.ም. የግብርና ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጆች በአገሪቱ ሲከፈቱ አንዱ ኮሌጅ መርሳ ላይ ሆነ። ለየቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ ሦስት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች እንዲመደቡ የወጣው ዕቅድም ከዚያ ወዲህ እየተሟላ መጣ። የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላትም ተሠሩ። ይህ ለአካባቢው ትልቅ ለውጥ ነው። ቢሆንም በሰብል የሠለጠነው ባለሙያ በአንድ ቀበሌ አንድ ብቻ ሲሆን፣ አባወራና እማወራው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ሺህ ገደማ ይሆናል። በዘር ወቅት እያንዳንዱን ማሳ አንድ ጊዜ ልርገጥ ቢል እንኳ ወቅቱ ያልፍበታል።

ማሽላና የሚያዝያ ዝናብ

በሀብሩና በአካባቢው ምክር ማለት ምን እንደሆነ በሚገባ የሚታየው በማሽላ ላይ ነው። ደጋሊትና ጅጉርቲ የተባሉት የአገሬው የማሽላ ዓይነቶች ረጅም ጊዜ የሚፈልጉ በመሆናቸው የሚዘሩት በሚያዝያ ዝናብ ነው። ከተሳካ ፍሬው ብዙ፣ አገዳው ረጅም ነው። አገዳው ደግሞ ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለአጥር ይሆናል።

የሚያዝያ ዝናብ ከቀረ ግን አርሶ አደሩ ውሳኔውን ደረጃ በደረጃ ይለውጣል። ግንቦትን ይጠብቃል። ሰኔ ከገባ ፈጥኖ የሚደርስ ማሽላ ይፈልጋል። ሐምሌ ላይ ደግሞ ማሳውን ለጤፍ ያደርገዋል። ዋልካ መሬት ያለው ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ሊዘራ ይችላል። እያንዳንዱ ደረጃ የተለየ ዘር፣ የተለየ የእርሻ ድግግሞሽና የተለየ ወጪ አለው። የተሳሳተ ሰው ዘሩን ያጣል፣ ሁለት ጊዜ ከተሳሳተ የሚዘራውም የሚበላውም አይኖረውም። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሀብ ባየ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ሥራ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ማዕከሉ ፈጥነው የሚደርሱ የማሽላ ዝርያዎችን ሲያወጣ ቆይቷል። በ1999 ዓ.ም. ገደማ የወጡት «ጊራና 1» እና «ምስክር» ከእነዚህ ውስጥ ይጠቀሳሉ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1992 ዓ.ም. ገደማ አቀንጭራን የሚቋቋሙ «ጎብዬ» እና «አብሽር» የተባሉ ዝርያዎች ተለቀዋል። «ጎብዬ» ከወልዲያ በስተሰሜን ካለችው ከተማ ጋር ስም ይጋራል። ከእነዚህ አቀንጭራ ተቋቋሚ ዝርያዎች ጀርባ ያለው ምርምር በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑት ኢትዮጵያዊው ገቢሳ ኤጄታ የመሩት ሲሆን፣ እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል።

ዝርያዎቹ ግን በታሰበው ፍጥነት አልተስፋፉም። ከምክንያቶቹ አንዱ አገዳቸው አጭር መሆኑ ነው። ተመራማሪው የሚመዝነው ፍሬውን ሲሆን አርሶ አደሩ ፍሬውንም፣ የላሟን መኖም፣ የምድጃውን ማገዶም ይመዝናል። ስለዚህ ሚያዝያ ላይ ዘንቦ ሳለ «ጊራና 1ን ዝራ» የሚል ምክር አይሠራም። ሰኔ ላይ ደርሶ ደጋሊት ተስፋ ካጣ በኋላ ከተነገረ ግን ይሠራል። ምክሩ ትክክል የሚሆነው ማሳውንም ጊዜውንም ሲያውቅ ነው። በዚያ ዘመን ግን ሰኔ 10 ቀን የተፈለገውን ምክር ሰኔ 10 ቀን ለሺህ ሰው የሚያደርስ መሣሪያ አልነበረም። ከኮምቦልቻ የሚወጣው የአየር ጠባይ መረጃ በወረዳው ጽሕፈት ቤት በኩል ወደ ቀበሌ እስኪወርድ ድረስ ዝናቡ መጥቶ ወይም ቀርቶ ይገኛል።

አፈሩ ሲመረመር

በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት የተባለው ፕሮጀክት በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲና በግብርና ሚኒስቴር ተጀመረ። ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ወረዳዎች የአፈር ናሙና ተሰብስቦ በቤተ ሙከራ እየተመረመረ ከሳተላይት መረጃ ጋር ተቀናጅቶ ካርታ ተሠራ። ውጤቱም የኢትዮጵያ አፈር የጎደለው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ብቻ ሳይሆን በብዙ ቦታ ድኝ፣ ቦሮን፣ ዚንክና ፖታሲየምም ጭምር እንደሆነ የሚያመለክት ነበር።

በዚህም መሠረት ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ዳፕ በኤንፒኤስ እየተተካ መጣ። ልዩነቱን ማወቅ ለአባላት ይጠቅማል። 100 ኪሎ ግራም ዳፕ 18 ኪሎ ናይትሮጅንና 46 ኪሎ ፎስፌት ይዟል። 100 ኪሎ ግራም ኤንፒኤስ ደግሞ 19 ኪሎ ናይትሮጅን፣ 38 ኪሎ ፎስፌትና 7 ኪሎ ድኝ አለው። ዩሪያ ናይትሮጅን ብቻ ሲሆን ከ100 ኪሎው 46ቱ ነው። ማዳበሪያን እንደየአካባቢው አፈር የሚያደባልቁ ፋብሪካዎችም በኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ባለቤትነት ተቋቋሙ። በአማራ ክልል ይህን የያዘው የመርከብ ዩኒየን ነው። ዩኒየኖች ከማከፋፈል አልፈው ወደ ማምረት የገቡበት ምዕራፍ በመሆኑ በኅብረት ሥራ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው ነው።

ካርታው ከ«ለሁሉም አንድ» ወደ «ለየአካባቢው» የተሸጋገረበት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ጉድለቶች ነበሩት። የመጀመሪያው፣ በካርታው ላይ አንድ ቀለም የተቀባ ቀበሌ በሀብሩ መሬት ላይ ዳገትም ሜዳም ዋልካም ያለው ቀበሌ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ከዚያ በኋላ በየቦታው በተደረጉ የማሳ ሙከራዎች ምርትን በጉልህ የሚጨምሩት አብዛኛውን ጊዜ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ መሆናቸው፣ የሌሎቹ ጥቅም ግን ከቦታ ቦታ የሚለያይ ሆኖ መገኘቱ ነው። ካርታው ከንቱ ነበር ማለት ግን አይደለም። «የእኔ መሬት ምን ጎድሎታል?» የሚለው ጥያቄ ከገበሬው ቤት ወጥቶ በባለሙያ ፊት እንዲጠየቅ አድርጓል።

8028

ስልክን ለግብርና ምክር መጠቀም በኢትዮጵያ አልተጀመረም። ሕንድ የኪሳን የጥሪ ማዕከል የተባለውን አገልግሎት በ1996 ዓ.ም. ጀምራለች። እዚያ ገበሬው ሲደውል የሚያነሳው የሠለጠነ ሰው ነው። ኢትዮጵያ የመረጠችው ሌላ መንገድ ነው። በሐምሌ 2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴር፣ ከግብርና ምርምር ተቋምና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር በመሆን በ8028 የሚደወል ነፃ መስመር ከፈተ። በዚህ መስመር ላይ የሚመልሰው የተቀዳ ድምፅ ነው። ደዋዩ በመጀመሪያ ቋንቋ ይመርጣል። ቀጥሎ ስለ ራሱና ስለሚኖርበት ወረዳ ይመዘገባል። ከዚያም ሰብሉን፣ ቀጥሎም ሥራውን በቁጥር እየተጫነ ይመርጣል። የማሳ ዝግጅት፣ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ አረም፣ ተባይ፣ አጨዳና ክምችት እየተባለ ተራ በተራ ይቀርባል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ከመጀመሪያዎቹ ቋንቋዎች ሲሆኑ፣ ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ገብስና ማሽላ ከመጀመሪያዎቹ ሰብሎች ናቸው።

ድምፅ መመረጡ ትልቅ ጥበብ ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ጽሑፍ አያነብም፤ መስማት ግን ይችላል። ተራው ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃል፤ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ሒሳብም አይቆርጥም። በጥቂት ወራት ውስጥ የጥሪው ብዛት ከአንድ ሚሊዮን አልፏል። በእርግጥ የደወለው ሁሉ አርሶ አደር ነው ማለት አይደለም። ተማሪውም፣ ነጋዴውም፣ ነገሩን ለመሞከር የፈለገውም ደውሏል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም ራሳቸው ለማስታወስ ይደውሉ ነበር። ይህ ግን የሚነቀፍ አይደለም።

በሌላ በኩል የቀረው ቀርቷል። በብዙ ቤት ስልኩ አንድ ሲሆን የሚይዘውም ባል ነው። የጓሮ አትክልቱን፣ ዘር መረጣውንና ጎተራውን የምታስተዳድረው ሚስት ምክሩን የምትሰማው ባልየው ከነገራት ብቻ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ ቁጥር መጫን የሚያውቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ተማሪው ልጅ ነው። በዚያው ዘመን በአማራ ክልልም የተስፋፋው የዲጂታል ግሪን የቪዲዮ ትምህርት ይህን ጉድለት በከፊል የሚሸፍን ነበር። የአካባቢው አርሶ አደር በራሱ ማሳ፣ በራሱ አነጋገር ሲሠራ ይቀረጽና በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ለልማት ቡድን ይታያል፣ ውይይትም ይደረጋል። ስልክ የሌላት ሴትም በዚህ ታያለች፣ ትጠይቃለች።

ሌላው ችግር የምክሩ ይዘት ነው። ጤፍ በመስመር ይዘራ የሚለውን ለምሳሌ ብንወስድ፣ ለሄክታር እስከ 30 ኪሎ ይበተን የነበረውን ዘር በጣም የሚቀንስና ለአረም ሥራም የሚመች ነው። ነገር ግን ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። በሐምሌ ዝናብ ጋብ ሲልና ማሳው ሲመች ሁሉም በአንድ ቀን መዝራት በሚፈልግበት አካባቢ፣ ልጆች የሌሏቸው አንዲት አረጋዊት በስልክ የሰሙትን እንዴት ይፈጽሙታል? የተቀዳው ድምፅ «ስንት ሰው ሠራተኛ አለዎት?» ብሎ አይጠይቅም።

ከአርሶ አደሩ ወደ ማዕከል

የ8028 ሥርዓት ምክር ከመስጠት በተጨማሪ ለተመዘገቡ ሰዎች ራሱ እየደወለ ወይም መልእክት እየላከ ማስጠንቀቂያ የሚያደርስበት አሠራርም ነበረው። ይህ ለወልዲያ ዙሪያ ደጋማ የስንዴ አካባቢዎች ጠቃሚ ነው። በ2002/2003 የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ የአገሪቱን ስንዴ ክፉኛ ሲመታ በሰፊው ይዘራ የነበረው ኩብሳ የተባለው ዝርያ በአብዛኛው ተጠቅቷል። ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ተቋም፣ ዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ማሻሻያ ማዕከል፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የብሪታንያ የአየር ትንበያ ተቋም የዋግ ዘር በነፋስ ወዴት እንደሚሄድ በማስላት ቅድመ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ አሠራር ዘረጉ። ዋግ ከታየ በኋላ የሚመጣ ምክር ለቀብር የመጣ ሐኪም ያህል ነው። ከመታየቱ ሳምንት ቀድሞ የሚመጣው ግን መድኃኒት ለማግኘትና ለመርጨት ጊዜ ይሰጣል።

በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በበቆሎና በማሽላ ላይ ተዛመተ። ሁሉም ሰው መሬቱን እየዞረ ጠዋት ጠዋት በቅጠሉ ጥቅልል መሀል እንዲያይ፣ በእጅ እንዲለቅም፣ ያገኘውንም እንዲያሳውቅ ተነገረ።

የበረሃ አንበጣው ደግሞ የባሰ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ አገሪቱ የገባው መንጋ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ ቆላማ ወረዳዎች ላይ ወረደ። ማሽላው ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት፣ ጤፉም ሊታጨድ ሲል የመጣ በመሆኑ የጉዳቱ መጠን ከባድ ነበር። ሕዝቡ ጅራፍ በማጮህ፣ ጀሪካን በመምታት፣ ጭስ በማጨስና በመጮህ ሲከላከል ሰንብቷል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ከአሜሪካው ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2012 ዓ.ም. ያዘጋጀው የስልክ መተግበሪያ መንጋው ያረፈበትን ቦታ በሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ መዝግቦ ወደ ማዕከል የሚልክ ነው። አውሮፕላኑ የሚረጨው መንጋው ያደረበት ቦታ በትክክል ሲታወቅ፣ ያውም ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ሳታሞቀው ስለሆነ ማታ ላይ የሚላክ አንድ መልእክት ብዙ ዋጋ አለው።

ከዚህ ጊዜ ጀምሮ መረጃው ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ መሆኑ ቀረ። አርሶ አደሩና የቀበሌው ባለሙያ ማዕከሉ የማያውቀውን የሚነግሩ ሆኑ። ነገሩ ተምችና አንበጣ ባይመጣ ኖሮ በዚህ ፍጥነት ይሆን ነበር ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

መስመሩ ሲቋረጥ

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ወልዲያንና መርሳን አዳረሰ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም ስልክና መብራት ጠፍቶ ቆየ። የሲሪንቃ ምርምር ማዕከልም ተዘረፈ፣ ጉዳትም ደረሰበት። ለዓመታት የተሰበሰበ የምርምር ዘርና መሣሪያ በቀናት ውስጥ መጥፋቱ ለአካባቢው ብቻ ሳይሆን ለምሥራቅ አማራ ዝናብ አጠር ወረዳዎች በሙሉ ኪሳራ ነው። በዚያ መኸር ያልጠፋው ዘር በአርሶ አደሩ ጎተራና ጉድጓድ ውስጥ የነበረው ነው። ማሽላን በጉድጓድ ማስቀመጥን ዘመናዊ ትምህርት ለብዙ ጊዜ ሲነቅፈው ኖሯል፤ ከነቀዝና ከእርጥበት አንፃር ነቀፌታው ትክክል ነው። በዚያ ዓመት ግን ጉድጓዱ ዘርን ከዘራፊ ሰውሯል።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት የተነሳ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጧል። በዚህን ጊዜ በኢንተርኔት የሚሠሩ መተግበሪያዎች ሁሉ በአካባቢው ሲቆሙ፣ ኔትወርክ ባለበት ሁሉ ተራ የስልክ ጥሪ ይሠራ ነበር። የ8028ን ንድፍ ያወጡት ሰዎች ይህንን አስበው ነበር ለማለት ባይቻልም፣ በድምፅና በተራ ስልክ ላይ መመሥረቱ ያኔ ዋጋው ታይቷል። አዲስ የሚመጣ መሣሪያ ሁሉ ኢንተርኔት በሌለበት ሳምንት ምን ይሠራል ተብሎ መጠየቅ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ዳገት፣ ወገብና ግርጌ

የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2014 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት ሆኗል። የግብርና ሚኒስቴርም እስከ 2030 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የዲጂታል ኤክስቴንሽን ፍኖተ ካርታ አዘጋጅቷል። አርሶ አደሩ ወይም የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በራሱ አነጋገር ጠይቆ መልስ የሚያገኝባቸው፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጠቀሙ አገልግሎቶችም በኢትዮጵያ መሞከር ጀምረዋል። ከሁሉም በላይ ለሀብሩ የሚቀርበው ግን ብዙም ያልተወራለት አንድ ግኝት ነው።

በኢትዮጵያ ደጋማ የስንዴ አካባቢዎች በተደረገ ምርምር፣ ስንዴ ለማዳበሪያ የሚሰጠው ምላሽ በማሳው አቀማመጥ እንደሚወሰን ተገኝቷል። ከዳገቱ ግርጌ ያለው ማሳ ለማዳበሪያ ብዙ ምርት ይመልሳል። ወገቡ ላይ ያለው መካከለኛ ነው። ከላይ ዳገቱ ላይ ያለው ግን አፈሩ የሳሳና እርጥበት የማይዝ በመሆኑ የሚጨመርለትን ማዳበሪያ ያህል አይመልስም። ለዚህኛው ከማዳበሪያ በፊት እርከን፣ ፍግና ብስባሽ ያስፈልገዋል። በዚህም መነሻነት የማዳበሪያው መጠን እንደ አቀማመጡ የሚለያይበት ምክር ተዘጋጅቶ በዲጂታል መሣሪያ እየታገዘ በተለያዩ ወረዳዎች ተሞክሯል።

የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ ሳተላይትና ስሌት አልፎ መጨረሻ ላይ ለገበሬው የቀረበው ጥያቄ «ማሳህ ዳገት ላይ ነው፣ ወገብ ላይ ነው፣ ወይስ ግርጌ ላይ?» የሚል መሆኑ ነው። ይህን ለመመለስ ማንም ሰው ካርታ አያስፈልገውም። የሀብሩ አርሶ አደር መሬት ሲከፋፈልም ሆነ ለእኩል ሲሰጥ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነው። በድሮው ጥቅል ሥር ዳገቱ ላይ የተጨመረው 100 ኪሎ ግራም ከነዕዳው ለምን እንዳልመለሰ የሚያስረዳውም ይህ ነው።

ምክሩ ማሳውን ወደ ማወቅ እየቀረበ ሲመጣ ጥያቄው ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ይዞራል። ማዳበሪያ ከውጭ የሚገዛ በመሆኑ የአባላት ፍላጎት በቀበሌና በመሠረታዊ ማኅበር የሚሰበሰበው የምርት ዘመኑ ከመድረሱ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ፣ ብዙ ጊዜም በመኸሩ አዝመራ አካባቢ ነው። በዚያ ጊዜ የሚሞላው ቅጽ የሚጠይቀው የሰብሉን ስፋትና የኩንታሉን ብዛት ነው፤ ማሳው ዳገት ይሁን ግርጌ አይጠይቅም። የስልኩ ምክር ደግሞ የሚመጣው ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ ማዳበሪያው በመኪና ተጭኖ መርሳ ወይም ወልዲያ ከደረሰ በኋላ ነው። ፈጥኖ የሚደርሰው የማሽላ ዘርም እንዲሁ ነው። ሰኔ ላይ ደጋሊት ተስፋ ሲያጣ «ጊራና 1ን ዝሩ» የሚል መልእክት በአንድ ጀምበር ለሺዎች ሊላክ ይችላል፤ ዘሩ ግን በአንድ ጀምበር አይባዛም። ሰኔ ላይ መጋዘን ውስጥ እንዲገኝ ከተፈለገ ባለፈው ዓመት ክረምት በአባላት ማሳ ላይ ተዘርቶ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ተወቅቶ፣ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ዝናቡ በሚያዝያ በሰዓቱ ከመጣ ደግሞ ያ ዘር በዚያ ዓመት ገዢ አያገኝም። ወጪው በማን ላይ እንደሚወድቅ በማኅበራቱ ጠቅላላ ጉባኤ ገና ያልተወሰነ ጉዳይ ነው።